ፍሬኑን ማን ይመረምራል? ከኮክረን ቁልቁለት እስከ ዓባይ በረሃ

ከካልጋሪ በአውራ ጎዳና 1ኤ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መኪና ኮክረን ከመግባቱ በፊት ረጅም ቁልቁለት ይወርዳል። ከተማዋ ከኮረብታው ግርጌ፣ በቦው ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው በ1881 (ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአካባቢው ሰፊ የከብት እርባታ ካቋቋሙት ከሴናተር ማቲው ሄንሪ ኮክረን ነው። የከብት እርባታው ዘመን አልፎ ኮክረን ዛሬ የካልጋሪ ሠራተኞች መኖሪያ ሆናለች። በ2016 የሕዝብ ቆጠራ 25,853 የነበረው የነዋሪዋ ቁጥር በ2021 ወደ 32,199 አድጓል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ጠዋት ኮረብታውን ይወጣሉ፣ ማታ ይወርዱታል።

ማታ የሚወርደው መኪና ፍሬን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚጠይቅ የመንግሥት አካል የለም። የአልበርታ ግዛት የግል መኪናዎች በየጊዜው የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ አያስገድድም። ምርመራ የሚጠየቀው መኪናው ከሌላ ግዛት መጥቶ ሲመዘገብ፣ ከከባድ ጉዳት በኋላ ታድሶ ወደ መንገድ ሲመለስ፣ ወይም ተሽከርካሪው ለንግድ ሥራ የሚውል ሲሆን ነው። በአዲስ አበባ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ባለመኪና ሁሉ በየዓመቱ ተሽከርካሪውን አስመርምሮ ቦሎ መለጠፍ አለበት። ከእነዚህ ሁለት ሥርዓቶች አንዱ ለባለቤቱ ሙሉ እምነት ይሰጣል፤ ሌላው እምነቱን በማኅተም ይተካል። ሆኖም ፍሬኑ በእርግጥ ይሠራ እንደሆነ ከሚወስኑት ነገሮች ዋናው፣ ማለትም በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ዕድሜና የያዘው እርጥበት፣ ከሁለቱም እይታ ውጭ ሊቀር ይችላል።

የፍሬን ታሪክ ብዙውን ጊዜ የምሕንድስና ድል ሆኖ ይተረካል። ታሪኩ ግን የኃላፊነት መዘዋወር ታሪክም ነው። እያንዳንዱ መሻሻል መኪናውን ይበልጥ አስተማማኝ አድርጎታል፤ በዚያው መጠን የፍሬኑን ሁኔታ ከነጂው ዓይን፣ ጆሮና እግር ሰውሯል። የተሰወረውን ነገር የሚመለከት ሌላ ዓይን በተቋም መልክ ካልተተካ ሸክሙ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ቤተሰቡ ሸክሙን መሸከም መቻሉ ደግሞ የሚወሰነው መረጃውና መሣሪያው በማን እጅ እንዳለ ነው።

ስሙ ዘይት፣ ጠባዩ ሌላ

በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ላይ ፍሬን የሚያዘው በዘንግና በሽቦ ገመድ ነበር። ነጂው ሲረግጥ ሽቦው ይሳባል፤ ሽቦው ሲረግብ ነጂው ራሱ ወይም መካኒኩ ያጠብቀዋል። የአራቱ ጎማዎች ሽቦ እኩል ካልተሳበ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ጉድለቱ ግልጽ ነበር፤ ግልጽ በመሆኑም ማንም ሊያየውና ሊያስተካክለው ይችል ነበር።

ከወንድሙ ጋር በአውሮፕላን ሥራ የሚታወቀው አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ በ1917 በፈሳሽ ግፊት ለሚሠራ ፍሬን የፈጠራ መብት አገኘ። መርሁ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማረው ነው፦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። በ1921 ዱዘንበርግ፣ በ1924 ደግሞ ክራይስለር ይህን ፍሬን ለገበያ ባቀረቧቸው መኪናዎች ላይ ገጠሙት። ፎርድ እስከ 1939 ድረስ በሽቦና በዘንግ ጸንቶ ቆየ። የአዲስ አበባ መንገዶች ለረጅም ዘመን ያስተናገዷት ፎልክስዋገን ቢትል በውጭ አገር ለሚሸጠው ዓይነቷ የፈሳሽ ፍሬን ያገኘችው በ1950 ሲሆን፣ ርካሹ መደበኛ ዓይነቷ እስከ 1962 ድረስ በሽቦ ፍሬን ነበር የሚሠራው።

የመጀመሪያዎቹ የፍሬን ፈሳሾች ከጉሎ ዘይትና ከአልኮል የተቀመሙ ነበሩ። የጉሎ ዘይት የተመረጠው የዚያን ዘመን የተፈጥሮ ጎማ መድፈኛዎች ስለማያበላሽ ነው፤ ተራ የሞተር ዘይት ጎማውን ያሳብጠዋል። ስለዚህ በአማርኛ "የፍሬን ዘይት" የሚለው ስም ለዚያ ዘመን ፈሳሽ በከፊል ይስማማ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ መኪናዎች ውስጥ ያለው ግን ዘይት አይደለም። ግላይኮል ኤተር የሚባል ሰው ሠራሽ ውህድ ሲሆን ጠባዩም ከዘይት ተቃራኒ ነው፤ ዘይት ውሃን ይገፋል፣ ይህ ፈሳሽ ውሃን ይስባል። ስሙ ሳይለወጥ ጠባዩ ስለተለወጠ "ዘይት" የሚለው ቃል ዛሬም ጉዳት ያደርሳል። በፍሬን ማጠራቀሚያ ውስጥ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የጨመረ ሰው የጎማ መድፈኛዎቹን ሁሉ ያበላሻል፤ ጥገናውም ፈሳሹን በመቀየር ብቻ አያበቃም።

ውሃ መሳቡ በአንድ በኩል ጉድለት ይመስላል፤ በሌላ በኩል ግን ታስቦ የተመረጠ ጠባይ ነው። በጎማ ቱቦዎቹና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል እርጥበት መግባቱ አይቀርም። ፈሳሹ ውሃውን ባያሟሟው ኖሮ ውሃው ተለይቶ ዝቅተኛው ቦታ ላይ፣ ማለትም ትኩሱ ካሊፐር አጠገብ ይጠራቀም ነበር። በዚያም በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ በክረምት ደግሞ በዜሮ ዲግሪ ይረጋል። ውሃው ሲሟሟ አደጋው በመላው ፈሳሽ ውስጥ ይበተናል፤ ፍሬኑ በድንገት ከመክዳት ይልቅ ቀስ በቀስ ይደክማል። የኢኮኖሚ ሰዎች ይህን አደጋን ማከፋፈል ይሉታል። ዋጋው ግን ቀስ በቀስ የሚመጣውን ድካም ማንም አለማየቱ ነው።

የድካሙ መጠን በአሜሪካ ፌዴራል ደረጃ ቁጥር 116 ላይ በቁጥር ሰፍሯል። ዶት 3 የሚባለው ፈሳሽ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 ከመቶ ያህል ውሃ ሲይዝ ግን ዝቅተኛው ገደብ ወደ 140 ይወርዳል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ፈሳሹ ካሊፐሩ አጠገብ ከፈላ ነጂው የሚረግጠው እንፋሎቱን ይጨምቃል እንጂ ሸራውን ዲስኩ ላይ አይጭንም፤ ፔዳሉም እስከ ወለል ይወርዳል። ይህ ደግሞ የሚሆነው በሜዳ ላይ ሳይሆን ፍሬን ብዙ በሚያዝበት በቁልቁለት ላይ ነው።

ደኅንነት ሲጨምር እይታ ሲቀንስ

የራልፍ ኔደር መጽሐፍ በ1965 ከወጣ በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1966 የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግን አወጣ። በዚያ ሕግ ሥር ከ1968 ጀምሮ የፍሬን ሥርዓት ለሁለት እንዲከፈል ግዴታ ተጣለ፤ አንዱ መስመር ቢፈስ ሌላው መኪናውን እንዲያቆም። በ1978 ቦሽና መርሴዲስ ቤንዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ኤቢኤስ በኤስ ክላስ መኪና ላይ አቀረቡ። ከመስከረም 2011 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካና ካናዳ መኪና እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት በአዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ላይ አስገደዱ።

እነዚህ እርምጃዎች የብዙ ሰው ሕይወት አትርፈዋል። ከእነርሱ ጋር ግን ሌላ ለውጥም መጣ። ነጂው ቀድሞ በእግሩ ይሰማው የነበረውን ኮምፒውተር በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እየለካ ያርመዋል። ፈሳሹ የሚያልፈው በቀላል ቧንቧ ብቻ ሳይሆን ጥቃቅን ቫልቮችና ፓምፕ ባሉበት ውድ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። አሮጌ ፈሳሽ ሳጥኑን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ዝገቱ ግን ለማንም አይታይም። በማስተር ሲሊንደሩ ላይ ያለው ማጠራቀሚያ መጠን ያሳያል እንጂ ጥራት አያሳይም፤ የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት የሚበራውም ፈሳሹ ሲጎድል እንጂ ሲያረጅ አይደለም።

አምራቾቹ ራሳቸው በአንድ ቃል አለመናገራቸው ነገሩን ያወሳስበዋል። ብዙ የአውሮፓ አምራቾች ፈሳሹ በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ያዝዛሉ፤ ሆንዳ በየሦስት ዓመቱ ይላል፤ በሰሜን አሜሪካ የተሸጡ አንዳንድ መኪናዎች መመሪያ ግን ለረጅም ዘመን የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። በመንገዱ ላይ ያለው ፊዚክስ አንድ ሆኖ ሳለ መመሪያው የተለያየ መሆኑ ባለቤቱን ለግምት ይዳርገዋል።

በካናዳ ክፍተቱ ሕገ መንግሥታዊ መልክም አለው። አዲስ መኪና ምን ዓይነት ፍሬን ሊኖረው እንደሚገባ የሚወስነው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕጉም ከ1971 ጀምሮ ይሠራል። መኪናው ከሻጩ ግቢ ከወጣ በኋላ ጉዳዩ የግዛቶቹ ይሆናል። ኖቫ ስኮሺያ በየሁለት ዓመቱ ታስመረምራለች፤ አልበርታ የግል መኪናን አትጠይቅም። ፌዴራሉ የፈሳሹን የመፍላት መጠን በዲግሪ ቆጥሮ ይደነግጋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በኮክረን ቁልቁለት ላይ ያ ቁጥር የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ግን የለም።

ረዳቱ፣ መካኒኩና በረሃው

በ1907 እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የፈሳሽ ፍሬን ገና አልተፈጠረም ነበር። አገሪቱ በስፋት ከመኪና ጋር የተዋወቀችው በጣልያን ወረራ ዘመን በተሠሩት መንገዶችና በኋላ በመጡት የጭነት መኪናዎች ነው። በዓለም ባንክ የ1950 ብድር የአገሪቱ ዋና መንገዶች ጥገና ተጀመረ፤ በ1951 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ለመንገዱ ተቋምና በጀት ተገኘለት። በመንገዱ ላይ ለሚሄደው መኪና ጥገና ግን ዋናው ትምህርት ቤት ጋራዡ ነበር።

ጋራዡ እውቀቱን በራሱ ቋንቋ አደራጀ። ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ክሪክ ከጣልያንኛ ተወስደው የአማርኛ ቃላት ሆኑ። በፍሬን መስመር ውስጥ የገባ አየርን ማስወጣት ከለማጅ መካኒክ የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ ነው። ሥራው ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ሥር ገብቶ የአየር ማስወጫውን ብሎን ይፈታል። "ርገጥ! ያዝ!" ይባላል፤ ፔዳሉ ተይዞ ሳለ ብሎኑ ይከፈታል፣ ፈሳሹ ከአየር አረፋ ጋር ይወጣል፣ ብሎኑ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ "ልቀቅ!" ይባላል። ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ይህ በቃልና በእጅ የሚተላለፍ እውቀት ነው፤ ተማሪው የሚመሰከርለት በወረቀት ሳይሆን ፔዳሉ ጠንክሮ ሲቆም ነው።

የዚህ እውቀት ዋጋ የሚታየው በዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል፤ በ2008 የተመረቀው የኅዳሴ ድልድይ የሚገኘው ከሥር ነው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ 19 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል መጣል አለበት፤ ይህ ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረው ወይ በሞተሩ ወይ በፍሬኑ ያልፋል። "በከባድ ማርሽ ውረድ" የሚለው የነባር ሾፌሮች ምክር ሙቀቱን ወደ ሞተሩ ለማዛወር ነው፤ የፈሳሹን ድካም በነጂው ጥንቃቄ የሚያካክስ የአደጋ መድን ነው ማለት ይቻላል። "ፍሬን በጠሰ" ተብሎ የሚነገረው ሁሉ ግን የተበጠሰ ነገር የለበትም። አንዳንዱ የፈላ ፈሳሽ ነው። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ ፔዳሉም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይጠነክራል። ማስረጃው ከመርማሪው ፊት ይጠፋል።

ቦሎና ዝምታ

በኢትዮጵያ የዓመታዊ ምርመራው ሕጋዊ መሠረት የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። በዘመናዊ የምርመራ ማዕከል መኪናው ሮለር ላይ ይቆምና የእያንዳንዱ ጎማ የፍሬን ኃይል ይለካል። ይህ ጠቃሚ ምርመራ ነው፤ የተበላ ሸራን፣ የተጣበቀ ካሊፐርን፣ በግራና በቀኝ ያለን ልዩነት ያጋልጣል። የሚለካው ግን ቀዝቃዛ ፍሬን ነው። 3 ወይም 4 ከመቶ ውሃ የያዘ ፈሳሽ በቀዝቃዛ ሮለር ላይ ከአዲሱ እኩል ይሠራል፤ ልዩነቱ የሚገለጠው ከግማሽ ሰዓት ቁልቁለት በኋላ ነው። ቦሎው በመስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣ ባለቤቱም ተመርምሬያለሁ ብሎ አምኖ ሳለ አደጋው በቦታው ሊኖር ይችላል።

የሰሜን አሜሪካው ተሞክሮ ደግሞ በሌላ በኩል ያስተምራል። ኒው ጀርሲ ለግል መኪናዎች የሚደረገውን የሜካኒካል ደኅንነት ምርመራ በ2010 አቆመች። ሆግላንድና ዉሊ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ከዚያ በኋላ በመኪና ጉድለት የሚደርሱ አደጋዎች በግልጽ መጨመራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ቴክሳስም ለአብዛኞቹ የግል መኪናዎች ይህንኑ ምርመራ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አስቀርታለች። ከዚህ ተነስቶ ምርመራ ከንቱ ነው ማለት ችኮላ ነው፤ አማካይ ዕድሜው አነስተኛ የሆነ የመኪና ስብስብና ረጅም ቁልቁለት የሌለበት ግዛት ለጎሐ ጽዮን መንገድ ምሳሌ አይሆንም። ትምህርቱ ጠበብ ያለ ነው፦ ምርመራ የሚጠቅመው የሚመረምረው ነገር አደጋውን የሚያመጣው ነገር ሲሆን ብቻ ነው።

ምርመራው ቢቀር ገበያው ይተካዋል የሚለውን ተስፋ የኢኮኖሚ ሳይንስ ራሱ በጥርጣሬ ያየዋል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ እንደሚሸሽ ሲያስረዱ ምሳሌያቸው ያገለገለ መኪና ነበር። ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ በ1973 አንድ እርምጃ ጨመሩ፤ አንዳንድ አገልግሎት ከተገዛ በኋላም ገዢው አስፈላጊ መሆኑንና በትክክል መሠራቱን ማወቅ አይችልም። የመኪና ጥገና የእነርሱ ዋና ምሳሌ ነው፣ የፍሬን ፈሳሽ ቅየራ ደግሞ የምሳሌው ምሳሌ ነው። "ፈሳሹ ይቀየር" የሚለው መካኒክ እውነቱን ይሁን ገበያውን ባለቤቱ አያውቅም። "ተቀይሯል" ሲባልም ከማጠራቀሚያው ላይ ብቻ ተቀድቶ ይሁን ከአራቱ ጎማዎች አያውቅም። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ስህተት ነው፤ አንዱ ባለመኪና ለማያስፈልግ ሥራ ይከፍላል፣ ሌላው ልታለል ነው ብሎ የሚያስፈልገውን ሥራ ይተዋል። ሁለተኛው ስህተት ዋጋውን የሚከፍለው ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው መንገደኛ ጭምር ነው።

በቤት የሚሠራው ሥራ

ተቋሙ ዝም ባለበትና ገበያው በማይታመንበት ቦታ ሦስተኛው አማራጭ ባለቤቱ ራሱ ነው። በኮክረን የግል ጋራዥ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ የፈሳሹ ዋጋም ከመካኒክ የሥራ ሰዓት ክፍያ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ሥራውን በቤት መሥራት ለብዙዎች የቁጠባ ጉዳይ ይመስላል። ትልቁ ጥቅሙ ግን መረጃ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጎማ የወጣውን ፈሳሽ ያየ ሰው ሥራው መሠራቱን በእርግጠኝነት ያውቃል። ለተቀረው ሰው በእምነት ብቻ የሚገዛ አገልግሎት የነበረው ለእርሱ የሚታይ ነገር ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ሥራዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው አሮጌውን ፈሳሽ በአዲስ መተካት ነው። መስመሩ ሳይከፈትና ማጠራቀሚያው ሳይደርቅ ከተሠራ አየር አይገባም፤ አዲሱ ፈሳሽ አሮጌውን እየገፋ ይወጣል። ይህ ሥራ ኤቢኤስ ባላቸው ብዙ መኪናዎች ላይም ያለ ኮምፒውተር ይቻላል፤ ቁልፍ፣ ግልጽ ቱቦ፣ ጠርሙስና አስተማማኝ የመኪና መደገፊያ ይበቃዋል። ክሪክ ብቻውን መደገፊያ አይደለም። ሁለተኛው የገባ አየርን ማስወጣት ነው። አየሩ ወደ ኤቢኤስ ሳጥን ከዘለቀ ቫልቮቹንና ፓምፑን የሚያዝ የመመርመሪያ መሣሪያ ይፈለጋል። ፔዳሉን በኤሌክትሮኒክ በሚያስተላልፉና በኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን በሚሠሩ መኪናዎች ላይ ደግሞ ሥርዓቱን መጀመሪያ ወደ ጥገና ሁኔታ ማስገባት ግድ ነው። የቤት ሥራ ወሰን የሚያልፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ መጠበቅም ከጥንቃቄዎች ሁሉ ቀዳሚ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከሩቁ ጎማ ጀምሮ ወደ ቅርቡ የሚለው የድሮ ደንብ ዛሬ ለሁሉም አይሠራም። መስመሩ በሰያፍ የተከፈለ መኪና ሌላ ቅደም ተከተል ሊኖረው ይችላል፤ ወሳኙ የአምራቹ መመሪያ ነው። ባረጀ መኪና ላይ ፔዳሉን እስከ ወለል መርገጥ የማስተር ሲሊንደሩን መድፈኛ ዝገት ባለበት ቦታ ላይ አስኪዶ ሊቀደው ይችላል፤ ከፔዳሉ ሥር ጣውላ ማስቀመጥ ይህን ይከላከላል። ለአልበርታ ክረምት ሌላም ጉዳይ አለ። በ40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ተራው ዶት 4 እስከ 1,800 ሚሊሜትር ካሬ በሰከንድ ሊወፍር ይፈቀድለታል፤ በዓለም አቀፉ ደረጃ "ክፍል 6" የሚባለው ቀጭን ፈሳሽ ግን ከ750 ማለፍ የለበትም። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ሥርዓት በሰከንድ ክፋይ ውስጥ መሥራት ስላለበት በወፍራም ፈሳሽ ይዘገያል። ሲልከን የሆነው ዶት 5 ደግሞ በስሙ ከዶት 4 ቀጣይ ቢመስልም ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ለኤቢኤስም አይሆንም። የወጣው አሮጌ ፈሳሽ መርዛማ ስለሆነ ወደ ፍሳሽ መስመር ሳይሆን ከሞተር ዘይት ተለይቶ ወደ አደገኛ የቤት ቆሻሻ መቀበያ ይሄዳል።

ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥበብ ውስን ነው። ባለቤቱን የሚያቆሙት የአምራቹ መመሪያና የመመርመሪያው መሣሪያ ናቸው።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በ2012 የማሳቹሴትስ መራጮች አምራቾች የጥገና መረጃን ለነጻ ጋራዦችና ለባለቤቶች እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግን በሰፊ ድምፅ አጸደቁ፤ በ2014 አምራቾቹ ይህንኑ በመላ አሜሪካ ለመፈጸም ተስማሙ። ካናዳ በ2009 የመረጠችው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስምምነትን ነበር። በኅዳር 2024 የጸደቀው ሲ-244 የተባለው ሕግ ደግሞ ለምርመራና ለጥገና ሲባል የዲጂታል ቁልፍን ማለፍ የቅጂ መብት ጥሰት እንዳይሆን አደረገ። ሕጉ በሩን የሚከፍተውን አይቀጣም፤ አምራቹ ቁልፉን እንዲሰጥ ግን አያስገድደውም።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ ከካናዳ ይልቅ የቀረበ ነው። ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን በዕድሜያቸው ልክ ከባድ ቀረጥ ጣለባቸው። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነው። ዕድሜ ግን ለመለካት የቀለለ የጥገና ምትክ ነው፤ ባለቤቱ የተንከባከበው የአሥር ዓመት መኪና ከተተወ የአምስት ዓመት መኪና ሊሻል እንደሚችል ታሪፉ አያውቅም። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ዘይት አይቀይርም፤ የፍሬን ፈሳሽ ግን አለው፣ ፈሳሹም እንደማንኛውም ውሃ ይስባል። እንዲያውም መኪናው ፍጥነቱን በአብዛኛው በሞተሩ በኩል ወደ ባትሪ እየመለሰ ስለሚቀንስ ነጂው የፍሬኑን ድካም የሚያውቅበት ዕድል ያንሳል። ባትሪው ሞልቶ ከእንጦጦ ወይም ከጎሐ ጽዮን አፋፍ የሚነሳ መኪና ደግሞ ኃይሉን የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው የቁልቁለቱ ሙቀት ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። በከባድ ማርሽ ውረድ የሚለው ምክር ማርሽ ለሌለው መኪና አይሠራም።

ስለዚህ "ርገጥ! ያዝ!" እያለ ያደገው የአዲስ አበባ መካኒክ አሁን የሚቸገረው እጁ ስለማይችል አይደለም። መኪናውን ወደ ጥገና ሁኔታ የሚያስገባው ሶፍትዌር በአምራቹ ፈቃድና በአምራቹ ቋንቋ የተቆለፈ ከሆነ፣ በሰባ ዓመት የተገነባ የጋራዥ እውቀት ከአንድ የምስጢር ቁጥር በታች ይወድቃል። አገሪቱ ለአስመጪዎች በሩን ስትከፍት የመደራደር አቅሟ ከፍተኛ የሚሆነው አሁን ነው፤ መኪናዎቹ ከገቡ በኋላ የሚቀርበው ጥያቄ ልመና ይሆናል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት መጠነኛ እርምጃዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የጥገና መመሪያና የመመርመሪያ ሶፍትዌር ለነጻ ጋራዦች መቅረቡ የማስመጣት ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ይሁን። ሁለተኛ፣ ዓመታዊው ምርመራ የፈሳሹን የመፍላት ሙቀት መለካትን ይጨምር፤ መሣሪያው በእጅ የሚያዝ፣ ሥራውም የደቂቃዎች ነው፣ ከረጅም ቁልቁለት በላይ ባሉ ከተሞች ቢጀመር ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ፈሳሹ የተቀየረበት ቀን በሞተር ክዳን ሥር ተጽፎ እንዲለጠፍ ይደረግ፤ የማይታየውን ነገር የሚታይ ለማድረግ ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም። የመጨረሻው እርምጃ ለአልበርታም ይሠራል፤ ምርመራ ለማትፈልግ ግዛት እንኳ ቀንን በወረቀት ላይ ማስፈር ነጻነትን አይነካም።

ጎማው ሥር የገባው መካኒክና ፔዳሉን የያዘው ረዳት ጣልቃ የሚገባ ሳይኖር ይነጋገሩ ነበር፤ ሥራው የሚሳካው አንዱ የሌላውን ድምፅ ሲሰማ ነው። የዛሬው መኪና በሁለቱ መካከል አምራቹን፣ ሶፍትዌሩንና መንግሥትን አስገብቷል። የፖሊሲው ጥያቄም በመካከል የገቡት ሦስቱ ድምፁን ያስተላልፋሉ ወይስ ያፍኑታል የሚለው ነው።